ከትልቁ ዓሣ የተረፈው

ዶክትሬቴን ጨርሼ ሀዋሳ በተመለስኩ ሳምንት እናቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አሁን ጨረስሽ?» አለችኝ። ድኅረ ዶክትሬት የሚባል የሁለት ዓመት የምርምር ሥራ እንዳገኘሁ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ከጨረሱ በኋላ የሚጀመር ትምህርት ማለት ነው» አለች። ትምህርት ሳይሆን ሥራ ነው አልኳት። «ታዲያ መምህር ነሽ?» አይደለሁም። «ተማሪ ነሽ?» አይደለሁም። «የቢሮ ሠራተኛ ነሽ?» ቢሮም አልነበረኝም። ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት ነገሩን አሳጥራ «ገና አልለቀቋትም» ትል ነበር። ስለ ድኅረ ዶክትሬት ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ እስካሁን ይሄ ይሻላል።

የማጠናው ሜርኩሪን ነው። በድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የነበረው፣ ሲሰበር መሬት ላይ እንደ ዶቃ የሚንከባለለው ብርማ ነገር ማለት ነው፤ የድሮ ሰዎች ባዜቃ ይሉታል። እኔ የምፈልገው ግን የሚንከባለለውን ሳይሆን የማይታየውን ነበር። ከአየር፣ ከአፈር፣ ከቆሻሻ እየታጠበ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ወለል ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ወደ ከፋ ዓይነት ይለውጡታል። እሱን ትንሽ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል። አንዴ ሥጋ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ዓሣው በገዘፈና ባረጀ ቁጥር እያጠራቀመ ይሄዳል። ብትቀቅለው፣ ብትጠብሰው፣ ሎሚ ብትጨምቅበት ንቅንቅ አይልም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ገና ያልተወለደ ልጅን ነው፤ አንጎሉን። በሐይቃችን ዓሣ ውስጥ ምን ያህል አለ፣ ዓሣውን በሚበሉ ሴቶች ገላ ውስጥስ ምን ያህል ደርሷል የሚለውን እንድለካ ነበር የተቀጠርኩት።

ለእናቴ ሁሉንም አሳጥሬ «ነፍሰ ጡር ትልቅ ዓሣ መብላት የለባትም» አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኛ ቤት ሕጉ የዚህ ተቃራኒ ነበር። እናቴ ሐይቁ ዳር ነው ያደገችው፤ ዓሣ ተገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ነፍሰ ጡር ማን አለ?» የሚለው ነው። ትልቁ ለእሷ ይወጣል። ነፍሰ ጡር ከሌለች ለአራስ፣ አራስ ከሌለች ለእንግዳ። ለነፍሰ ጡር ትንሽ ዓሣ ማቅረብ እናቴ ዘንድ ስድብ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረገች ጎረቤት ነበረች፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ታነሳባታለች።

እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሥራውን ስጀምር ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ በአራተኛ ወሩ ወርዶብኝ ስለነበር ነገሩን ከእናቴና ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። ባለቤቴ ዲላ ስለሚሠራ የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው፤ እኔ እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ፈርቼ ነበር። ደረጃ ስወጣ እፈራለሁ፤ ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እፈራለሁ፤ አንድ ቀን ሳያስመልሰኝ ከዋለ «አበቃ» ብዬ እፈራለሁ። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ብላ ታበላኝ ነበር።

ናሙና የምሰበስበው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ እወርዳለሁ፤ እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ትከተለኛለች። ከየዓይነቱ እገዛለሁ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ጠፍጣፋውን ቆሮሶ፣ ሪዛሙን አምባዛ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቢልጫን። ቢልጫ እሾኩ የበዛ፣ ዕድሜ ካገኘ እንደ ሕፃን በሁለት እጅ የሚታቀፍ ዓሣ ነው። ጥናቱ የሚፈልገው ደግሞ ዕድሜ ያገኘውን ነው። የምንገዛው እናቴን ሠላሳ ዓመት ከሚያውቋት አዛውንት ነበር። ከጀልባ ሰዎች ጋር በሲዳምኛ ይከራከራሉ፤ ወደ እኛ ሲዞሩ በአማርኛ ይመርቃሉ።

«ትልቁን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ከሁሉም ትልቁን፣ ጋሼ።»

ሆዴን አዩት። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን አዩት። «እሰይ» አሉ ወደ እናቴ ዞረው፤ «እትዬ፣ ልጅዎ ታውቃለች።»

ከእያንዳንዱ ዓሣ የምወስደው ከጀርባው አውራ ጣት የምታህል ሥጋ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው እንደሚቀበር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ይቀበራል?» አሉ። የጥናቱ ደንብ ነው አልኳቸው። እኔው ራሴ ጽፌ የፈረምኩበት ቅጽ «ከናሙና የተረፈ ዓሣ ለምግብ አይውልም» ይላል። አዛውንቱ እኔን ተዉና እናቴን ተመለከቱ። እናቴ «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» አለቻቸው። እኔ ያጽናናቻቸው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ላቦራቶሪው ዝግ ስለሆነ ዓሣውን የምቆርጠው እናቴ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ነው። ጓንት አጠልቃለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ላስቲክ አነጥፋለሁ፤ ዓሣውን መዝኜ፣ ርዝመቱን ለክቼ፣ ከጀርባው ትንሽ ሥጋ አውጥቼ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት አሽጌ በረዶ ውስጥ እከታለሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው አውራ ጣት ያህል የተነካ፣ ሌላው ሙሉ የሆነ ግዙፍ ዓሣ ነው። እናቴ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታየዋለች።

«እማዬ፣ የቀረውን ቅበሪው።»

«እሺ።»

አገራችን ውስጥ እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት እንደሆነ፣ ከዚያ ያለፈ ቃል ኪዳን እንደሌለበት ማንም ያውቃል። እኔም እሺ እያልኩ ነው ያደግኩት። ግን እናቴ ጉድጓድ ስትቆፍር በዓይኔ አይቻለሁ። ስትደፍነውም አይቻለሁ። ሽታውም አለ፤ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ ሳምንቱን ሙሉ አጥሩ ላይ ቆሞ ጉድጓዱን ይጠብቅ ነበር። ተመራማሪ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

እኔ ዓሣ ጨርሶ አልተውኩም፤ ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ጥናቱም ተዉ አይልም። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ መዳፍ የምታህል ትንሽ ቆሮሶ ብቻ የሚል ነው። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ምሳ ዓሣ ዱለት ነው። እሁድም ዱለት ነው። ማክሰኞ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ዱለት ነው። ሥጋ ማየት ባስጠላኝ በዚያ ወራት የእናቴን ዱለት ግን በቃኝ አልልም ነበር፤ በደንብ የተከተፈ፣ ሚጥሚጣው ልክ የሆነ፣ ቃሪያው ያልጠቆረ። አንድ ቀን ቀጭን እሾክ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

«ቆሮሶ እንዲህ ያለ እሾክ አለው እንዴ?» አልኳት።

«አደግ ያለ ነው» አለችኝ።

ለዓመታት ዓሣ ያጠናሁ ሰው ነኝ። እሾኩን አውጥቼ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና መብላቴን ቀጠልኩ። ባለቤቴ እሁድ ሲመጣ የሚቀርብለት ሽሮ ነበር፤ እናቴም አብራው ሽሮ ትበላለች። «ዓሣውስ?» ሲላት «ለአንተ ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች። አማች ስለሆነ ዝም ይላል።

አምስተኛው ወር ሲገባ ፀጉር የመሰብሰቡ ሥራ መጣ። ሰው የበላው ሜርኩሪ ፀጉሩ ውስጥ ይቀራል። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥሩ ወደ ጫፉ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይነበባል፤ ሥሩ ያለፈው ወር ነው፣ ቀጥሎ ያለው ከዚያ በፊት የነበረው ወር ነው። ለዚህ ዓሣ ከሚበላ ቤት ሴቶች ቁንጥር ቁንጥር ፀጉር ያስፈልገኝ ነበር። ፀጉር ስጡኝ ማለት ደግሞ እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ፀጉር ቤት ሄዶ የሚስተካከል ሰው እንኳ የወደቀውን ማን እንደሚጠርገው በዓይኑ ይከታተላል።

እናቴ የጸሎት ቡድኗን ሴቶች ቤቷ ሰበሰበችልኝ። ስለ ጥናቱ ገለጽኩላቸው፤ ባለ ብዙ ገጽ የፈቃድ ቅጽ አነበብኩላቸው፤ ነፍሰ ጡር ትልልቁን ቢልጫ እንድትተው፣ ትንሽ ቆሮሶ ምንም እንደማይል መከርኳቸው። ይህን ሁሉ የምናገረው ገና ምሳዬን ዱለት በልቼ እንደተነሳሁ ነው። ሴቶቹ በአክብሮት አዳመጡኝ፤ አንዳቸውም ግን ነጠላቸውን ከራሳቸው አላነሱም። በመጨረሻ አንዲት ወፈር ያሉ እናት «እኔ በመተት አላምንም» አሉ፤ «ፀጉሬን ግን ለማንም አልሰጥም።» ሌሎቹ ልክ ናቸው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከለካችሁት በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች አንዷ።

«ማሽኑ ሲለካ ያቃጥለዋል» አልኩ።

«ያቃጥለዋል?»

«አመድ ነው የሚሆነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። የፈቃዱ ቅጽ ያልፈታውን እሳት ፈታው። ያም ሆኖ መጀመሪያ የሚደፍር ጠፋ፤ እኔ ሻሼን ፈትቼ ተቀመጥኩና እናቴ ከማጅራቴ ከፍ ብላ ከሥሩ ቆረጠችልኝ። ሥሩ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋ በዚያ በኩል በነጭ ክር ይታሰራል። እንዴት እንደሚታሰር አሳየኋት፤ በሁለተኛው እኔን በልጣ ነበር። ናሙና ቁጥር አንድ እኔ ሆንኩ፣ ቁጥር ሁለት እናቴ፣ ቁጥር ሦስት በመተት የማያምኑት እናት።

ውጤቱ አዲስ አበባ ካለው ላቦራቶሪ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ ሰንጠረዡን ከፈትኩት። ከዝርዝሩ ሁሉ አንዱ ቁጥር ከፍ ብሎ ለብቻው ቆሟል፤ ለነፍሰ ጡር ከሚፈቀደው ልክ በላይ ነው። ቁጥር አንድ ነበር። ቁጥር ሁለት ከዝቅተኞቹ መሐል ነው። አንድ ቤት የምንኖር፣ ከአንድ ድስት የምንበላ ሰዎች ነን። ለጥናቱ አማካሪዬ ደወልኩላቸው።

«ቁጥር አንድን አውጪው» አሉኝ፤ «ተበክሎ መሆን አለበት። የፊት ማንጫ ክሬም የምትቀባ ሴት ትሆናለች፤ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት።»

«ፕሮፌሰር፣ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ።»

«ክሬም ትቀቢያለሽ?» አሉኝ።

«ቫዝሊን ነው የምቀባው።»

«ዓሣ ትበያለሽ?»

«ትንሽ ቆሮሶ።»

«ድገሚው» አሉና፣ ቀጥለው ደግሞ በሌላ ድምፅ «አይዞሽ» አሉኝ። አማካሪዬ አይዞሽ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ወረድኩና ምን ልገዛ እንደወረድኩ ጠፋኝ። ስድስት ወር አልፎኛል። ልጁ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል፤ እያንዳንዱን እርግጫ የምቀበለው እንደ ፈተና ውጤት ነበር፣ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ ነው እያልኩ። ስለዚህ ነገር ያነበብኩት ሁሉ ትዝ ይለኝ ጀመር፤ ዘግይተው የሚናገሩ ልጆች፣ ዘግይተው የሚሄዱ ልጆች፣ እጃቸው የማይታዘዛቸው ልጆች። ባላነብ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ለእናቴ ሳልነግር ሌላ ቁንጥር ከራሴ ቆርጬ፣ ሳንቲ ሜትር በሳንቲ ሜትር ቆራርጬ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ጫፉ፣ ማለትም ሀዋሳ ከመመለሴ በፊት ያለው፣ ዝቅተኛ ነው። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ባለችበት ወር ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ወር ይጨምራል። በሚቀጥለው ደግሞ ይጨምራል። የዓሣ መዝገቤን አውጥቼ አጠገቡ አደረግሁት። ትልልቅ ቢልጫ ባገኘሁባቸው ወራት ፀጉሬ ላይም ከፍ ብሏል። ቢልጫ ያጣሁበት አንድ ወር ነበር፤ እዚያ ላይ ፀጉሬ ጥቂት ጋብ ብሏል። በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ግራፍ ሠርቼ አላውቅም።

ቤት ስደርስ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማዬ፣ ከናሙና የተረፈውን ዓሣ ምን አደረግሽው?»

«ቀበርኩት።»

«ሁሉንም?»

ቢላዋን አስቀመጠች። «ራሱን» አለች፤ «ሆድ ዕቃውን። አጥንቱን።»

«ሥጋውንስ?»

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። መክተፊያውን አየሁ፤ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ፣ ተደርድሮ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሐይቁ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ዓሣዎች በሙሉ አንድ በአንድ መርጬ፣ መዝኜ፣ መዝግቤ፣ ከያንዳንዱ አውራ ጣት የምታህል ለሳይንስ ሰጥቼ የቀረውን እኔው በልቼዋለሁ።

«ለሰው አልሰጠሁም» አለች እናቴ። «ለባልሽም አልሰጠሁትም። እኔም አልቀመስኩትም። ሁሉንም ለአንቺ ነው ያደረግኩት።» ይህን የምትለው ጥፋቱን ለማቅለል ነበር።

የሚቀጥለውን መጻፍ አልወድም። ጮህኩባት። የምናገረውን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን ቀንም የምለውን አውቅ ነበር። «ያኛው በራሱ ጊዜ ሄደ፤ ይሄኛውን ግን አንቺ ነሽ የገደልሽው» አልኳት። ልጁ ሆዴ ውስጥ እየተራገጠ ነው ይህን ያልኩት። እናቴ ማቀዝቀዣውን ባዶ አደረገች፤ አቮካዶው ሥር ሄዳ ቆፈረች። ከመስኮት ቆሜ እያንዳንዱን ላስቲክ ቆጠርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ተቀበረ።

ለብዙ ቀን የምናወራው የሚያስፈልገንን ብቻ ነበር። አንድ ማታ የክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚያወጣው?» አለችኝ።

«ምንም አያወጣውም። ጊዜ ነው።»

«ወተትስ?»

«አያወጣውም።»

«ማር በነጭ ሽንኩርትስ?»

«እማዬ፣ ጊዜ ነው አልኩሽ።»

«እሺ» አለች። በማግሥቱ ጠዋት አልጋዬ አጠገብ ወተትም ማርም ነጭ ሽንኩርትም ነበር።

ጥፋቱ የእኔም እንደነበር ለመቀበል ከዚህ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ዓሣውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከላቦራቶሪ አውጥቼ እናቴ ግቢ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ምግብ መጣል ግፍ ነው ብላ ላሳደገችኝ ሴት፣ ልጇ ባረገዘችበት ወር፣ በሕይወቷ ካየችው ሁሉ ትልቁን ዓሣ እጇ ላይ አስቀምጬ ቅበሪው ያልኩት እኔ ነኝ። በሪፖርቱ ላይ «ከተሳታፊዎች አንዷ የጥናቱን ናሙና ተመግባለች» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር አንድን አላወጣሁትም፤ ከነምክንያቱ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ልጅቱ በጊዜዋ ተወለደች። ሐኪሟ ልቧም ሳንባዋም ደህና ነው አሉ፤ ስለ ሜርኩሪው ስጠይቃቸው «እሱን እያደገች ነው የምናየው» አሉኝ። ያንን እኔም አውቀው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁለት ተመራማሪ ሆንን። እኔ ልጅቱ በየወሩ ማድረግ ያለባትን ከመጽሐፍ አወጣለሁ፤ እናቴ ከኋላዋ ሄዳ ድስት ትመታለች፣ ዞራ ካየች «ተመስገን» ትላለች። ቀን በቀን ድስት ስለሚመታ ልጅቱ በኋላ መዞሩን ተወችው፤ እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በሰዓቷ ተቀመጠች፤ በሰዓቷ ዳኸች። መሄድ ላይ ግን ቆመች። ልደቷ አለፈ፤ ሌላ ወር አለፈ፤ እሷ ወንበር ይዛ ትቆምና ዓለምን አይታ ትቀመጣለች። በአሥር ወሯ የሄደች የጎረቤት ልጅ በራችን ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እናቴ የግቢውን በር መዝጋት ጀመረች።

አንድ ቀን እናቴ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አስቀመጠች። ስፈታው ሁለት ቁንጥር ፀጉር አለበት። ሁለቱም በአንድ በኩል በነጭ ክር ታስረዋል። የክሩ አስተሳሰር እኔ ያሳየኋት ነው፤ እሷ ግን ከእኔ አሳምራዋለች።

«ይሄኛው የልጅቱ ነው» አለች። «በተወለደች ሳምንት አንቺ ተኝተሽ ነው የወሰድኩት። ይሄኛው ያንቺ ነው።»

«የእኔ?»

«አንቺ በተወለድሽ ሳምንት የወሰድኩት። ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ሥሩ የቱ እንደሆነ ግን እንጃ፤ ያን ጊዜ ክር አላሰርኩበትም። አሁን እንደመሰለኝ አሰርኩት።» ለማንም ፀጉር አይሰጥም ያሉትን ሴቶች ያሰባሰበች ሴት ናት፤ የእኔን ፀጉር ለሠላሳ ስድስት ዓመት የደበቀች ሴት ናት። «አንቺ በሰዓትሽ ሄደሻል። ተምረሻል። ሁለቱን አስተያይልኝ።»

ማወዳደሪያ ናሙና ይባላል፤ ማሕፀን ውስጥ የበቀለ ፀጉር እናት ያኔ የበላችውን ይይዛል። እኔ በዚያ ሁሉ ጭንቀት አላሰብኩትም፤ እናቴ አስባዋለች። ቁጥር ልጽፍበት ስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ካነሰ ንገሪኝ» አለች። «ከበዛ ግን…» እጄን ለቀቀች። «እሱንም ንገሪኝ።»

ላክኋቸው። ውጤቱ ከመምጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ልጅቱ ወንበሩን ለቀቀችና አራት እርምጃ ሄዳ የእናቴን ቀሚስ ያዘች። እኔ አለቀስኩ። እናቴ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ወረቀቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። መሄዷ ብቻ አላሳመናትም። እኔን ከቀጠሩኝ ሰዎች ይልቅ እሷ ጠንቃቃ ናት።

ወረቀቱ መጣ። እናቴ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቱ እግሯ ሥር ትጫወታለች።

«የእሷ ያንሳል» አልኳት።

«ከምን ያንሳል?»

«ከእኔ። የእኔ ይበልጣል። ብዙ ይበልጣል።»

እናቴ ጣሪያውን አየች። «አንቺን ሳረግዝ» አለች፣ «እናቴ ናት፣ ቢልጫ ነው፣ ትልቅ ትልቁን። በየቀኑ። አንድ ቀን ሳልበላ አላሳደረችኝም።» ከዚያ ዓይኗን ከጣሪያው አውርዳ፣ ገበያ ላይ ዓሣ እንደምታይ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«እንግዲህ» አለች፣ «ሰው የማትሰሚው ለዚህ ነው።»

ሳቅን። እሷ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ መጀመሪያ በሳቅ ነበር፣ ቀጥሎ ግን ሳቅ አልነበረም። ሁለት ቁንጥር ፀጉር ምንም እንደማያረጋግጥ፣ ሣጥን ውስጥ የኖረ ፀጉር እንደማይታመን፣ እኔ ደህና ነኝ ማለት ነገሩ አይጎዳም ማለት እንዳልሆነ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽ…»

«የቱ ቀን?» አለችኝ። የቱ ቀን እንደሆነ ታውቃለች። እጄን ያዘች፤ ልጅቱ መጥታ በመሐላችን ለመውጣት እስክትታገል ድረስ አልለቀቀችኝም።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ አራት ቆሮሶ ነበር፤ አራቱም መዳፍ የሚያህሉ። አዛውንቱ «ታማችሁ ነው?» ብለው እንደጠየቋት፣ እሷም ለነፍሰ ጡር ከመዳፍ በላይ እንዳይሸጡ እንደመከረቻቸው፣ እሳቸውም እሺ እንዳሏት ነገረችኝ። እሁድ ምሳ ጠብሳ ሳህን ላይ ደረደረቻቸው። ባለቤቴ ቀርቧል፣ እኔ ቀርቤያለሁ፣ ልጅቱ ወንበሯ ላይ ናት። እናቴ ሹካዋን ይዛ ከአራቱ ዓሣዎች በላይ ትንሽ ቆየች፤ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከዚያ ከትንንሾቹ ትልቁን አንስታ እኔ ሳህን ላይ አደረገችው።